«ሹድ» ሁሌ «አለበት» ነው እንዴ?

ከፒያሳ፦
ሰላም ቤተሰብ። ዜና ተርጓሚ ነኝ። አንድ ሐረግ ላይ ከአርታኢዬ ጋር መግባባት አቃተን። እንግሊዝኛው «ዘ ሰጀስሽን ዛት ዘ ማናጀር ሹድ ሪዛይን» ይላል። እኔ «ሥራ አስኪያጁ ሥራውን መልቀቅ አለበት የሚል ሐሳብ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢዬ «መልቀቅ አለበት» የሚለውን ሰርዞ «ይልቀቅ» አደረገው። ታዲያ «ሹድ» የት ገባ? የአራት ኪሎው ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

ከአራት ኪሎ፦
እህቴ፣ አርታኢሽ ልክ ነው። «ሹድ» የትም አልጠፋም፤ «ይልቀቅ» ውስጥ አለልሽ።

እንግሊዝኛ ስሙን ያስቀድምና ይዘቱን በ«ዛት» አያይዞ ያስከትላል። እኛ ይዘቱን አስቀድመን፣ «የሚል» ብለን፣ ስሙን መጨረሻ ላይ እናሳርፋለን። ይሄን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ሰው የሚዘለው የስሙን ጉልበት ነው። «ሰጀስሽን» (ሐሳብ)፣ «ዲማንድ» (ጥያቄ)፣ «ሪኮመንዴሽን» (ምክር)፣ «ሪኳየርመንት» (ግዴታ) የሚባሉት ስሞች ገና ሲጠሩ «አንድ ነገር ይደረግ» የሚለውን መልእክት ይዘው ነው የሚመጡት። ከኋላቸው የሚከተለው «ሹድ» የሚጨምረው ብዙም የለም። ሸክሙን ስሙ ወስዶታል።

ማስረጃ ከፈለግሽ አሜሪካኖቹን እዪ። እነሱ «ሹድ»ን ጥለው «ዛት ዘ ማናጀር ሪዛይን» ማለት ይቀናቸዋል። ግሱ «ኤስ» እንኳን አይጨመርበትም፤ ባዶውን ይቆማል። እንግሊዞች ደግሞ «ሹድ»ን ማስገባት ያዘወትራሉ። ትርጉሙ ግን ያው ነው። ያ «ኤስ» የሌለው ባዶ ግስ የእኛ «ይልቀቅ»፣ «ይምጣ»፣ «ይከፈል» ነው። አማርኛ ለዚህ ቦታ የሚሆን የግስ ቅርጽ በእጁ እያለ «አለበት»ን መዋስ አያስፈልገውም።

«አለበት» ሲገባ ምን ይሆናል? ሐሳብ የነበረው ነገር ፍርድ ይመስላል። አንድ የቦርድ አባል ለስለስ አድርጎ «ቢለቅ ይሻላል» ያለው፣ አንባቢ ጋ ሲደርስ «የግድ ይለቃታል» ሆኖ ይሰማል። ዜና ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየውን ያላለውን አስባልነው ማለት እኮ ነው።

ስለዚህ ዐይንሽ መጀመሪያ ስሙ ላይ ይሁን። ስሙ ለስላሳ ከሆነ «ቢለቅ ይሻላል የሚል ሐሳብ» ወይም «እንዲለቅ የቀረበ ሐሳብ» በዪ። ጠንካራ ከሆነ «ይልቀቅ የሚል ጥያቄ»፣ «እንዲለቅ የተሰጠ ትእዛዝ»።

በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እዚሁ አራት ኪሎ ፓርላማው ድረስ ይዘውት የመጡትን መፈክር አስቢው። «መሬት ላራሹ»። ግስ የለውም። ስለዚያ ዘመን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው «ዘ ዲማንድ ዛት ላንድ ቢ ጊቭን ቱ ዘ ቲለር» ሊል ይችላል፤ «ሹድ ቢ ጊቭን» ቢልም ያስኬዳል። ያንን መልሰሽ «መሬት ለአራሹ መሰጠት አለበት የሚል ጥያቄ» ብትዪው ስብሰባ ላይ የተነበበ የውሳኔ ሐሳብ ይመስላል። «መሬት ለአራሹ ይሰጥ የሚል ጥያቄ» ነው የሰልፉን ድምፅ የሚያሰማው።

ከፒያሳ፦
ገባኝ ጋሼ። ግን «አለበት» ጭራሽ አይገባም እያሉኝ ነው?

ከአራት ኪሎ፦
ኧረ ይገባል! ስሙ ራሱ ግፊት ከሌለው «ሹድ» እውነተኛ ሥራ አለው። «ዘ ቢሊፍ ዛት ችልድረን ሹድ ለርን ኢን ዜር መዘር ተንግ» የሚለው ላይ «ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማር አለባቸው የሚል እምነት» ነው ትክክሉ። እምነት ስለ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል፤ «ይማራሉ» ብሎ ማመንም አለ፣ «መማር አለባቸው» ብሎ ማመንም አለ። ልዩነቱን የሚያመጣው «ሹድ» ብቻ ነው።

መለያው ቀላል ነው። «ሹድ»ን አውጥተሽ ዓረፍተ ነገሩን አንብቢው። ትርጉሙ ካልተነካ «ይልቀቅ» ወይም «እንዲለቅ»። ትርጉሙ ከተቀየረ «አለበት»።

ከዚህ ወጣ የሚል ሦስተኛ «ሹድ» አለ፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። «ዘ አይዲያ ዛት ኤ ቻይልድ ሹድ ጎ ቱ ቤድ ሀንግሪ»። ይሄ ግዴታም ምክርም አይደለም፤ ተናጋሪው እየተቆጨ፣ እየተንገበገበ ነው። «ልጅ ጦሙን ማደር አለበት የሚለው ሐሳብ» ብሎ የሚተረጉም ካለ ነገሩን ገልብጦታል። በእኛ አፍ «ልጅ ጦሙን ይደር? ማሰቡ ራሱ ይከብዳል» ነው። እዪው፣ «ይደር» መልሳ መጣች። ቅድም ሐሳብ ስናቀርብባት ነበር፣ አሁን በጥያቄ ቃና ብሶት አሰማንባት።

ከሜክሲኮ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ማይት»ስ? «ዘ ፊር ዛት ዘ ዎል ማይት ኮላፕስ» የሚለውን «ግድግዳው ሊደረመስ ይችላል የሚል ስጋት» ማለት ለምዶብናል። ስህተት አለው?

ከአራት ኪሎ፦
ስህተት የለውም ወንድሜ። ግን የጋዜጣ አማርኛ ነው። ክረምት ገብቶ የጭቃው ግድግዳ ሲርስ እናቶቻችን «ሊናድ ይችላል የሚል ስጋት አለን» አይሉም። «እንዳይናድብን!» ነው የሚሉት። በአንድ ቃል።

ያቺን ቃል ጠጋ ብለህ እያት። «እንዳይ» አሉታ ነው። አማርኛ ፍርሃትን ሲናገር የማይፈልገውን ነገር አብሮ ይከለክለዋል። «-ብን» ደግሞ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ይነግርሃል። እንግሊዝኛው በስም፣ በ«ዛት» እና በ«ማይት» የዘረዘረውን እኛ አንድ ግስ ላይ ጠቀለልነው። ስሙን ማቆየት ከፈለግህም «ግድግዳው እንዳይደረመስ ስጋት አለ» ትላለህ፤ ያምራል።

አደጋው ወደ እንግሊዝኛ ስትመለስ ነው። «እንዳይ»ን ያየ ተርጓሚ «ኖት» ያስገባል። «ዘ ፊር ዛት ዘ ዎል ማይት ኖት ኮላፕስ» ከተባለ ሰዎቹ ግድግዳው ሳይወድቅ እንዳይቀር የፈሩ ይመስላል። በእንግሊዝኛው በኩል አሉታው መውጣት አለበት።

በነገራችን ላይ «ፎር ፊር ዛት ሂ ሹድ ፎል» የሚል አነጋገርም አለ፤ አሁን አሁን ትንሽ ያረጀ ነው። እዚያ «ሹድ» የ«ማይት» ወንድም ነው። «እንዳይወድቅ ፈርቶ» ማለት ነው። «መውደቅ አለበት» ብለህ ስታስበው አያስቅም፣ ያስደነግጣል።

ከፒያሳ፦
ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ የውጫሌን ውል አስታወሰኝ። 17ኛው አንቀጽ እኮ የአንድ ረዳት ግስ ጣጣ ነበር።

ከአራት ኪሎ፦
ጥሩ አነሳሽ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ነበር የሚለው። ኢጣሊያ የራሷን ቅጂ እንደ ግዴታ ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። መጨረሻው ዓድዋ ሆነ። ግን ከአንቺ ጥያቄ ጋር አንድ ልዩነት አለው። እዚያ የውሉ ጉልበት ያረፈው በራሱ በግሱ ላይ ነበር። ከፊቱ ቆሞ «ይህ ምክር ነው»፣ «ይህ ትእዛዝ ነው» የሚል ስም አልነበረም። አንቺ ግን «ሰጀስሽን» የሚል ስም አለሽ፤ እሱን ይዘሽ ነው የምትወስኚው።

ከሜክሲኮ፦
ከተነሳ አይቀር «ዊል» እና «ውድ»ም ይነሱ።

ከአራት ኪሎ፦
እነሱ ብዙ አያስቸግሩም። «ሂዝ ፕሮሚስ ዛት ሂ ውድ ፔይ» የሚለውን «ይከፍል እንደነበር የገባው ቃል» የሚል አይቻለሁ፤ ይሄ አማርኛ አይደለም። ሰውየው ቃል ሲገባ ምን አለ? «እከፍላለሁ» አለ። እኛ ንግግሩን እንዳለ እናስቀምጣለን፤ «እከፍላለሁ ብሎ የገባው ቃል»። «ውድ» ያለፈ ጊዜ የመሰለው ከፊቱ ያለው ታሪክ ያለፈ ስለሆነ ብቻ ነው።

ከሜክሲኮ፦
አንድ የመጨረሻ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ትርጉም ቤት ነው የምሠራው። «ሂዝ ኢንሲስተንስ ዛት ሺ ቢ ፔይድ» እና «ዛት ሺ ወዝ ፔይድ» አንድ ናቸው?

ከአራት ኪሎ፦
እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል ወንድሜ፤ የሰው ገንዘብ ነው። «ቢ ፔይድ» ሲል ሰውየው ከሴትዮዋ ጎን ነው፤ «ይከፈላት ብሎ መወትወቱ»። «ወዝ ፔይድ» ሲል ግን አብዛኛውን ጊዜ «ተከፍሏታል ብሎ ድርቅ ማለቱ» ነው። አንደኛው ይከራከርላታል፣ ሌላኛው ይከራከራታል። ችግሩ እንግሊዞች አንዳንዴ «ወዝ ፔይድ»ንም በ«ይከፈላት» ስሜት ይጠቀሙበታል። ስለዚህ ከላይና ከታች ያለውን አንቀጽ ሳታነብ ማኅተም እንዳትመታ። እዚያም ካልለየልህ ደንበኛውን ጠርተህ ገንዘቡ ተከፍሎ ነበር ወይስ ገና ነው ብለህ ጠይቀው።