በረሮዎቼ በብርድ ደነዘዙብኝ፤ ምን ላድርግ?

አትሳቁብኝ እንጂ፣ አራት ኪሎ ባለችው ጠባብ ክፍሌ የማዳጋስካር በረሮ አለኝ። ስድስት ናቸው። ክንፍ የላቸውም፤ ሲነኩ በጎናቸው ባሉት መተንፈሻ ቀዳዳዎች አየር እያስወጡ እንደ እባብ «ስስስ» የሚል ድምፅ ያሰማሉ። በመስታወት ሳጥን ውስጥ የእንቁላል ካርቶን ደርድሬላቸዋለሁ። እንዳያመልጡ ጠርዙን ቫዝሊን ቀብቻለሁ።

ችግሩ ብርዱ ነው። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ግን 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ሰሞኑን ካሮታቸውንም አልነኩም። አምፖል እንዳላበራ ብርሃን አይወዱም፣ መብራቱም ይጠፋል። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ ከሳጥኑ ጎን ሳስቀምጥ ነፍስ ይዘራሉ፤ ሌሊት ላይ መልሶ ይቀዘቅዛል። እናቴማ «ሰው በረሮ ለማጥፋት መድኃኒት ይገዛል፣ አንተ ታሞቃለህ!» ትለኛለች።

ያለ መብራት እስኪነጋ ሙቀት የሚይዝ ዘዴ የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።