ሊጡ ደብረ ብርሃን ላይ እምቢ አለኝ፣ የምታውቁ እባካችሁ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ምግብ ቤት እንጀራ ጋጋሪ ነበርኩ፣ እዛ ቆላ ስለሆነ ሊጡ በሁለተኛው ቀን ኩፍ ብሎ ይጠብቀኛል፣ እንደውም ቶሎ እየኮመጠጠ ነበር የሚያስቸግረኝ። አሁን ደብረ ብርሃን አንድ ሆቴል ከገባሁ ወር ሊሆነኝ ነው፣ ከተማው ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ በዛ ላይ የጥቅምት ውርጭ፣ ሊጡ ሶስት ቀን አድሮም ዝም! አብሲት ጥዬ ስጋግረው ዳር ዳሩ ላይ ትንሽ አይን ብቅ ይልና መሀሉ ድፍን ብሎ ይቀራል፣ ሳወጣው ሰፌዱ ላይ ይጣበቃል።

አስተናጋጆቹ ሰው ፊት ተሰድበው ይመጡና እኔ ላይ ይጮሃሉ (አልፈርድባቸውም፣ ቲፕ የሚቀርባቸው እነሱ ናቸው)። ባለቤትየዋ ደግሞ የተበላሸውን ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ ብላለች።

ለብ ባለ ውሃ አቦካሁ፣ እርሾ ጨመርኩ፣ ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። ማታ ምድጃው አጠገብ አስቀምጬው ስሄድ ሼፉ መንገድ ዘጋ ብሎ ጓሮ ሲሊንደሩ ጋ ያወጣዋል፣ ጠዋት ስነካው በረዶ ነው። ችግሩ ይሄ ብቻ ይሆን ወይስ አብሲቱን ላብዛው? ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መሀል ሜዳ የምትጋግሩ እናቶች በዚህ ብርድ ስንት ቀን ነው የምታሳድሩት? እስካሁን ረቡዕና አርብን እንደምንም ተወጣሁት፣ ህዳር 15 ግን የገና ጾም ይገባል፣ ከዛ በኋላ በያይነቱ በየቀኑ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ በናታችሁ