ቪኤሙ (ላፕቶፑ ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሰራው ቨርቹዋል ማሽን) ከላፕቶፑ ጋር አብሮ እንዲነሳና እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ ነው፣ ቨርቹዋልቦክስ በሚባለው የቪኤም ፕሮግራም ላይ ኡቡንቱ ሊኑክስ ጭኜ ዳታቤዜን እዛ ውስጥ ነው ምሰራው። ሎግኢን ሳደርግ ቪኤሙ በራሱ እንዲነሳ ታስክ ስኬጁለር (ዊንዶውስ ስራዎችን በራሱ የሚያስጀምርበት) ላይ ስክሪፕት አስገብቻለሁ ግን አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ ዝም ይላል። የባሰው ደሞ መዝጋቱ ነው፣ ላፕቶፑን ሻትዳውን ስለው ቪኤሙን በቁሙ ያጠፋዋል መሰለኝ በነጋታው ስከፍተው ኡቡንቱ ዲስክ ቼክ ውስጥ ይገባል። መላ ያላችሁ እባካችሁ፣ ዳታዬ እንዳይበላሽ ሰግቻለሁ።

መልስ 1፦
ዝም የሚለው ቻርጀር ሳይሰካ ነው አይደል? ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ኮንዲሽንስ የሚለው ታብ ጋ ኤሲ ፓወር ላይ ካልሆነ አትጀምር የምትል ምርጫ አለች፣ ሲመጣም ቲክ ተደርጋ ነው የምትመጣው፣ የእሷንም ከስሯ ያለችውንም ቲክ አንሳ። ቪኤሙን የሚያስነሳው ስታርትቪኤም የሚለው ትእዛዝ ላይ ደሞ ታይፑን ሄድለስ በለው፣ መስኮት ሳይከፍት ከጀርባ ይሰራልሃል።

መልስ 2፦
ማስነሳቱስ ቀላል ነው ጣጣው መዝጋቱ ላይ ነው። ታስክ ስኬጁለር ሻትዳውን ሲሆን የሚባል ትሪገር (ማስጀመሪያ) የለውም፣ በኢቨንት ሎግ (ዊንዶውስ የሆነውን በሚመዘግብበት) አዙረው የሚሞክሩ አሉ ግን ዊንዶውስ መዝጋት ከጀመረ በኋላ ስለሚነሳ ስክሪፕቱ ሳይጨርስ ይቆረጣል፣ እኔ አልመክርም። ይልቅ ዴስክቶፕህ ላይ አንድ ባች ፋይል (ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ ፋይል) አስቀምጥ፣ መጀመሪያ በቪቦክስማኔጅ (የቨርቹዋልቦክስ የትእዛዝ መሳሪያ) ቪኤሙን ሴቭስቴት ያደርጋል፣ ማለትም ያለበትን ሁኔታ አስቀምጦ ያቆመዋል፣ ከዛ ራሱ ላፕቶፑን ሻትዳውን ይላል፣ ሁሌም በሱ ዝጋ። ሴቭስቴት እስኪያልቅ ይጠብቃል። ኤሲፒአይ ፓወርበተን (የቪኤሙን ፓወር ቁልፍ እንደመጫን ያለው) ግን ትእዛዙን ልኮ ወዲያው ነው ሚመለሰው፣ እሱን ከመረጥክ ቪኤሙ በትክክል መጥፋቱን እያየ የሚጠብቅ ሉፕ (ደጋግሞ የሚያይ ትእዛዝ) የግድ ጨምርበት። ፓወርኦፍ የሚለውን ግን አደራ እንዳትነካው፣ ገመድ መንቀል ማለት ነው።

ጠያቂው፦
ቲኩን አነሳሁት፣ በባትሪም ተነሳ! እግዜር ይስጥልኝ። ሴቭስቴት ግን ዲስክ አይበላም?

መልስ 2፦
ራሙን ነው ዲስክ ላይ የሚጽፈው፣ 4 ጊጋ ከሰጠኸው እስከዛ ድረስ ሊይዝ ይችላል፣ መልሰህ ስታስነሳው ፋይሉ ይጠፋል።

መልስ 3፦
ዊንዶውስህ ፕሮ ከሆነ ሃይፐር-ቪን (የዊንዶውስ የራሱ የቪኤም ማስኬጃ) አስብበት፣ አውቶማቲክ ስቶፕ አክሽን የሚለውን ሴቭ ላይ ካደረግከው ያለምንም ስክሪፕት ሻትዳውን ስትል ራሱ ሴቭ ያደርገዋል፣ የሚነሳበትም እንደዛው ሴቲንግ አለው። ሊኑክስ ላፕቶፕ ላላችሁ ደሞ ቪኤሙ በሊብቪርት (የሊኑክስ ቪኤም ማስተዳደሪያ) የሚሰራ ከሆነ ማስነሳቱን ቪርሽ አውቶስታርት የሚለው ትእዛዝ ይጨርሰዋል፣ መዝጋቱን ሊብቪርት-ጌስትስ ለሚባለው ሰርቪስ ስጡት። እና ክዳኑን መክደን ብዙ ጊዜ ስሊፕ እንጂ ሻትዳውን አይደለም፣ ያኔ ቪኤሙ ራም ላይ ነው ያለው፣ ባትሪው ካለቀ አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ባች ፋይሉን ተጫነው።