ልጆቹ ካልተማሩ ባለሀብቱ ይከስራል፦ ይሄ ነገር ለድሃ አገር ትምህርት ያዋጣል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ሶሻል ኢምፓክት ቦንድ እያነበብኩ ነው። ባለሀብት ገንዘቡን ቀድሞ ያወጣል፣ አንድ ድርጅት ያስተምራል፣ ልጆቹ መማራቸው በፈተና ከተረጋገጠ መንግሥት ለባለሀብቱ ከነትርፉ ይመልሳል፣ ካልተማሩ ደግሞ ኪሳራው የባለሀብቱ ነው። እስከዚህ ገብቶኛል። ግን በጀቱ ለመምህር ደሞዝ እንኳ የማይበቃው መንግሥት የባለሀብት ትርፍ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? በትምህርት ላይ የተሞከረበት ቦታ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከሁሉም የሚታወቀው የህንዱ ነው። ራጃስታን ውስጥ ቢልዋራ በሚባል አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018። ገንዘቡን ያስቀደመው ዩቢኤስ ኦፕቲመስ ፋውንዴሽን የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ሥራውን የሠራው ኤጁኬት ገርልስ የሚባል የህንድ ድርጅት፣ ውጤቱን የለካው አይዲኢንሳይት የሚባል የጥናት ድርጅት፣ በመጨረሻ የከፈለው ደግሞ የቺልድረንስ ኢንቨስትመንት ፈንድ ፋውንዴሽን። ከፋዩ መንግሥት ሳይሆን ለጋሽ ስለሆነ ዴቨሎፕመንት ኢምፓክት ቦንድ ይሉታል። ትርፉ ከአገሩ በጀት አልወጣም ማለት ነው።

ከክፍያው 80 በመቶው የታሰረው ልጆቹ በንባብና በሒሳብ ባሳዩት ለውጥ ነበር፣ 20 በመቶው ከትምህርት ቤት ውጭ የነበሩ ሴት ልጆችን በማስመዝገብ። መጨረሻ ላይ የመማር ውጤቱ የታቀደውን 160 በመቶ፣ ምዝገባው 116 በመቶ ደረሰ። ባለሀብቱም ገንዘቡን ከ15 በመቶ ዓመታዊ ትርፍ ጋር አገኘ።

እኔን የሚማርከኝ ግን መንገድ ላይ የሆነው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የመማር ውጤቱ ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ድርጅቱ ቁጥሩን በየዓመቱ ስለሚያይ አሠራሩን ቀየረ፤ ልጆቹን በክፍል ሳይሆን በሚችሉት ደረጃ መድቦ ማስተማር ጀመረ፣ የሚቀሩትንም ቤታቸው ድረስ ሄዶ መፈለግ። ትልቁ ለውጥ የመጣው በሦስተኛው ዓመት ነው። በተለመደው እርዳታ ቢሆን ሪፖርቱ ስንት ደብተር እንደታደለ ይቆጥርና ፋይሉ ይዘጋ ነበር።

መልስ 2፦
ውጤቱን አልክድም። ግን ባለሀብቱ ያወጣው 270,000 ዶላር አካባቢ ነው፣ በጣም ትንሽ። ለዚያች ገንዘብ ውል መጻፍ፣ መደራደር፣ መንደሮችን በዕጣ ለይቶ ልጆቹን በየዓመቱ መፈተን ነበረበት፤ ይሄ ሁሉ ወጪ ነው። ደግሞ ባለሀብቱ ራሱ ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ነው። ትርፍ ፈላጊ ባንክ በዚህ ዋጋ ይገባበት ነበር ወይ የሚለው አልተፈተነም።

ሌላው፣ ቦንድ አዲስ ገንዘብ አይፈጥርም። ሂሳቡን ዞሮ ዞሮ የሚከፍል ሰው ያስፈልጋል። የሚለወጠው መቼ ይከፈላል እና ሳይሳካ ሲቀር ማን ይከስራል የሚለው ብቻ ነው። ገንዘብ ጠፋ ብሎ ወደዚህ የሚሮጥ መንግሥት ካለ ተሳስቷል።

ጠያቂው፦
ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ድርጅቶቹ ጎበዝ ልጆችን ብቻ መርጠው ውጤት ቢያሳዩስ?

መልስ 3፦
እሱ በውሉ የሚወሰን ነገር ነው። ቢልዋራ ላይ መንደሮቹ በዕጣ ተለይተው ፕሮግራሙ ካልገባባቸው ጋር ስለተነጻጸሩ ለመምረጥ አይመችም። የሚከፈለው «ስንት ልጅ ፈተና አለፈ» በሚል ከሆነ ግን በጣም ደካሞቹን የሚያያቸው የለም፣ ምክንያቱም እነሱን ለማሳለፍ ብዙ ይለፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ ከነበረበት ምን ያህል ተሻሻለ በሚለው መክፈል ይሻላል። ሴራሊዮንም እ.ኤ.አ. በ2022 በውጤት የሚከፈልበት ፕሮግራም ጀምራለች፣ እዚያ መንግሥት ራሱ ይሳተፍበት ነበር። እኔ ይሄኛውን መንገድ እመርጣለሁ። ለጋሹ ብቻ ከከፈለ ውሉ ሲያልቅ ሥራውን የሚረከብ አይኖርም። አንድ መንግሥት ቦንድ ሊፈርም ሲቀመጥ ከወለዱ መጠን በፊት ይሄን ይጠይቅ፦ ውሉ ካለቀ በኋላ በፕሮግራሙ የሚሠሩትን አስተማሪዎች በየትኛው የበጀት መደብ ነው የምቀጥራቸው?