ፖሊስ ያሸገው የተከራይ ክፍል፦ ማን ነው የሚያጸዳው?

ጠያቂ (የግቢው ባለቤት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው።

ግቢዬ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች አንዱን ለ11 ዓመት የተከራዩ አዛውንት ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። የሱቁ ልጅ ጠዋት ጠዋት ዳቦ በፌስታል በራቸው ላይ ሰቅሎላቸው ይሄዳል። ባለፈው ማክሰኞ ሁለት ፌስታል ተንጠልጥሎ አየሁ። ባንኳኳ መልስ የለም። ጎረቤት ጠርቼ በመስኮት ስናይ መሬት ላይ ወድቀዋል። ጭንቅላታቸውን የአልጋው ብረት መትቷቸው ደም ፈሷል።

ፖሊስ መጣ። ፎቶ አነሱ፣ አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ተወሰደ፣ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። እድራችን ሐሙስ ቀበራቸው። አሁን ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። መርማሪው በስልክ «ጨርሰናል፣ መክፈት ትችያለሽ» አለኝ። ልጃቸው ደግሞ ቤይሩት ናት። «የአባቴን ዕቃ እንዳትጥሉብኝ» እያለች ታለቅሳለች። ልግባ? ማንስ ያጽዳው? በዚያ በር ሳልፍ እግሬ ይከዳኛል።

የድሮ ፖሊስ፦
እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። በስልክ በተባለ ነገር እሽጉን እንዳትነኪው። እሽግ መቅደድ ራሱ በወንጀል ያስጠይቃል። ጣቢያ ሂጂና ወይ መርማሪው መጥቶ ያንሳው፣ ወይ በጽሑፍ ይስጥሽ።

ሲከፈት ከእድሩ ሁለት ሰው ይቁም። ምንም ሳይነካ ፎቶ አንሺ። ዕቃው አንድ በአንድ ይመዝገብ፣ ሁላችሁም ፈርሙበት። ገንዘብ፣ የባንክ ደብተር፣ መታወቂያ ከተገኘ ለብቻው በፖስታ ይታሸግ። ንብረቱ የወራሽ ነው። ልጅቷ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥታ ትረከባለች። ያልተከፈለሽ ኪራይ ቢኖርም በዕቃው አታካክሺው። ጽዳቱን ግን ፖሊስ አይሠራም፤ ለቤቱ ሰው ነው የሚተወው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፦
እኔ በየቀኑ የምሠራው ይህንን ነው፣ ስለዚህ ስሚኝ። ወፍራም ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ ማስክ። በርና መስኮት ከፍተሽ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ። ደም የነካውን እንደ ቆሻሻ አትጥረጊ፣ ይበናል። በሚጣል ጨርቅ አርጥበሽ አንሺው፣ ጨርቁን በድርብ ፌስታል ቋጥሪ። ቀጥሎ በኦሞ እጠቢ። በረኪና የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቆሻሻ ላይ ብታፈሺው ኃይሉ ያልቃል። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ይቆይ። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትደባልቂው፣ የሚወጣው ጭስ ሳንባ ያቃጥላል።

ስፖንጁ ፍራሽ አይድንም፣ ይጣል። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ የነካውን ፈቅፍቀሽ እንደገና አስለስኚ። ዕጣን ለጸሎት ይሁን፤ ሽታውን አያጠፋም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። የደረቀ ደም ነው ብለሽም አትናቂው። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል።

ከሜሪላንድ፦
እዚህም ፖሊስ አስከሬኑን እንጂ ደሙን አያነሳም። ለዚህ ሥራ ብቻ የተቋቋሙ ድርጅቶች አሉ፣ የቤት ኢንሹራንስ አንዳንዴ ይከፍላል። እኔ የአጎቴን ክፍል ግን ብቻዬን አጸዳሁ። እባክሽ ብቻሽን አትግቢ።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። መርማሪው ዛሬ 9 ሰዓት ላይ መጥቶ እሽጉን አነሳ። የእድሩ ጸሐፊ መዘገበ፣ እኔ ከደጅ ቆምኩ። ሬዲዮናቸው ላይ መነጽራቸው ታጥፎ ተቀምጧል። ለልጃቸው ፎቶውን ላክሁላት፣ «እሱን አትንኩት፣ እኔ አነሳዋለሁ» አለች። ፍራሹ ወጥቷል። ነገ ጠዋት ሁለት የጎረቤት ሴቶች ከእኔ ጋር ሊገቡ ቃል ገብተዋል። ኦሞና በረኪና ገዝቻለሁ።