ሦስት ጉተታ፣ ሦስት የተለያየ ቁጥር፦ ጥፋቱ የመረቡ ነው ወይስ የባሕሩ?

ጨው_ውሃ፦
ለተማሪዎች የመስክ ልምምድ ነው። አፉ 30 ሴ.ሜ.፣ ቀዳዳው 200 ማይክሮን (0.2 ሚ.ሜ.) የሆነ የፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋን) መረብ በካያክ (በትንሽ የቀዘፋ ጀልባ) ሦስት ጊዜ 50 ሜትር ተጎተተ። እያንዳንዱ ናሙና በጠርሙስ 200 ሚ.ሊ. ተደርጎ በ1 ሚ.ሊ. ውስጥ ያለው ኮፔፖድ (የሸርጣን ዘመድ የሆነ ጥቃቅን የውሃ እንስሳ) ሲቆጠር 18፣ 31 እና 54 ወጣ። አማካዩን ይዞ ማለፍ ይቻላል?

ሚዛን፦
አይቻልም። ቫሪያንሱን (ቁጥሮቹ በአማካዩ ዙሪያ የተበተኑበትን ልክ) ለአማካዩ ያካፍሉት፤ 332 ለ34 ወደ 10 ይጠጋል። ልዩነቱ የቆጠራ አጋጣሚ ብቻ ቢሆን 1 አካባቢ ይሆን ነበር። አስቀድመው ጠርሙሱን ይፈትሹ፦ ከአንዱ ብቻ 5 ጊዜ 1 ሚ.ሊ. ቀድተው ይቁጠሩ፣ ያንኑ ስሌት ይሥሩ። ውጤቱ ከ1 በጣም ከራቀ ችግሩ አደባለቁ ላይ ነው። ኮፔፖድ ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱ በክብ ከተሽከረከረ ደግሞ መሃል ላይ ይከማቻል። በ8 ቁጥር ቅርጽ አማስለው ወዲያው ይቅዱ። የፒፔቱ (የመቅጃው ቱቦ) ጫፍ ከጠበበ ትልልቆቹ አይገቡም፤ ቆርጠው 5 ሚ.ሜ. ያድርሱት። 18 ደግሞ በጣም ያንሳል፦ 100 ሲቆጠር ስህተቱ ±20% ገደማ፣ 400 ሲቆጠር ±10% ነው።

መቅዘፊያ፦
የሚያጠራጥረው 50 ሜትሩ ነው። በጂፒኤስ ከተለካ ካያኩ የሄደበት እንጂ በመረቡ ውስጥ ያለፈው ውሃ አይደለም። መረቡ ሁሉንም ቢያጣራ 3.5 ሜትር ኩብ ነበር፤ አልጌ የበዛበት ውሃ ግን ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ቀሪው ውሃ ከአፉ ወደ ጎን ይሸሻል። የፍሰት መለኪያ በአፉ መሃልና በጠርዙ መካከል ይሰር፤ ከሚጠበቀው 85% በታች ካነበበ ጉተታው ይጠር። ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር አይለፍ። መረቡ ሁልጊዜ ከውጭ በኩል ይታጠብ፤ በአፉ የፈሰሰ የባሕር ውሃ አዲስ ፕላንክተን ያስገባል። (ገመዱን ከካያኩ ኋላ እሰሩት፤ ከጎን ከታሰረ አፍንጫው ቀጥ ብሎ አይሄድም።)

ጨው_ውሃ፦
የጠርሙሱ 5 ቆጠራ 1.3 ሰጠ። የፍሰት መለኪያ የለም።

ሚዛን፦
እንግዲያው ጠርሙሱ ነጻ ወጣ። መለኪያ ከሌለ ከታች ወደ ላይ ይጎትቱ፦ ገመዱ ላይ በየሜትሩ ምልክት፣ መረቡ ላይ ክብደት። ከ10 ሜትር ጥልቀት 0.7 ሜትር ኩብ ይጣራል። ገመዱ 45 ዲግሪ ካዘመመ ግን የ10 ሜትር ገመድ የሚደርሰው 7 ሜትር ጥልቀት ብቻ ነው።

መቅዘፊያ፦
የነፋሱን ነገር አትርሱ። ነፋስ ሲነፍስ አረፋው በረድፍ ይሰለፋል፤ ከረድፉ ሥር ውሃው ስለሚሰምጥ፣ ወደ ላይ የሚዋኘው ፕላንክተን እዚያው ይጠራቀማል። አንዱ ጉተታ በረድፉ ላይ፣ ሌላው በመካከሉ ከሄደ ሦስት እጥፍ ብርቅ አይደለም። አግድም መጎተት ግድ ከሆነ ረድፎቹን እያቋረጣችሁ ቅዘፉ፣ ሰዓቱም አይለዋወጥ፤ ብዙ ኮፔፖዶች ሲመሽ ወደ ላይ ይወጣሉና። 6 ድግግሞሽ ይዛችሁ ቁጥሩን በሎግ (ሎጋሪዝም) ቀይሩ፣ ከዚያ አማካይ ይወሰድ።