አዲስ አበባ ውስጥ ነርሲንግ ለመማር ኮሌጅ በምን ነው የሚመረጠው? (ለእህቴ ነው)

የለገሃር ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛን አልፋለች፣ ናቹራል ነች፣ ነርስ ነው የምሆነው ስትል ነው ያደገችው። መንግስት ከመደባት ክፍለ ሀገር ሊደርሳት ይችላል፣ እናታችን ደግሞ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊኗን የምትወጋት እሷ ስለሆነች ርቃ መሄድ አትፈልግም። እና መሃል ከተማ ካሉት የግል ኮሌጆች ሁለቱን ሄደን አየን። አንዱ ህንፃው ያምራል፣ ሊፍት አለው፣ ሪሴፕሽን ያለችው ልጅ ሳትቀር ጋውን ለብሳ ነው የምታናግራችሁ፣ ክፍያው ግን አይቀመስም። ሌላው ረከስ ይላል፣ ከምግብ ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነው፣ ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ) የሚሉት አንዲት ክፍል ናት። የሰፈር ሰው ደግሞ ዲግሪ ምን ይሰራላታል ሌቭል 4 (ከዲግሪ በታች ያለውን የሙያ ስልጠና) ገብታ ቶሎ ስራ ትያዝ ይላል። ግራ ገባን፣ ውስጡ ያላችሁ ንገሩን።

የማታ ተረኛ፦
ወንድሜ ህንፃውን እርሳው። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ መንግስት ሆስፒታል ነው የምሰራው፣ ዋርዳችን (ታማሚ የሚተኛበት ክፍል) ላይ ተማሪ የማይመጣበት ቀን የለም፣ ማን በደንብ እንደተማረና ማን እንዳልተማረ ደግሞ የመጀመሪያውን ቫይታል ሳይን (ግፊት፣ ትኩሳት፣ የልብ ምት) ሲወስድ ይለያል። ቢፒ (የደም ግፊት) ሲለካ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን ከፍ ከሹራብ በላይ የሚያስር የ3ኛ አመት ተማሪ አይቻለሁ። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፣ አንድ አልጋ ላይ ከሶስት ኮሌጅ የመጣ ተማሪ ይከብና አንዱ ካኑላ (ደም ስር ውስጥ የሚገባውን የግሉኮስ መርፌ) ሲያስገባ ሌላው አንገቱን አስግጎ አይቶ ይመለሳል፣ ማታ ላይ ሎግ ቡኩን (የሰሩት የሚመዘገብበትን ደብተር) ሁሉም ሰርቻለሁ ብሎ ያስፈርማል። ታማሚውስ ሰው አይደል እንዴ፣ ስንቴ ይወጋ?

ስለዚህ ኮሌጁን የምትጠይቀው አታችመንት (ለተግባር ልምምድ) የምትልኩት የት ሆስፒታል ነው፣ የተፈረመ ስምምነት አላችሁ ወይ፣ አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዞ ነው ዋርድ የሚገባው፣ አብሯቸው ይውላል ወይስ አቴንዳንስ ወስዶ ማኪያቶውን ሊጠጣ ይወጣል የሚለውን ነው። ማዋለጃ ክፍል፣ ህፃናት፣ ኦአር (ኦፕራሲዮን ክፍል)፣ ሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ሁሉንም ይዞሩታል ወይ ብለህም ጠይቅ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታልን በበር አልፈው ብቻ የሚመረቁ አሉ። ሪሴፕሽኗ ካላወቀች ዲፓርትመንት ሄዱን አስጠራ። እሱም ከተንተባተበ ጥቁር አንበሳ ወይ ዘውዲቱ ወይ የካቲት 12 በር ላይ ምሳ ሰዓት ጠብቅና ዩኒፎርም የለበሱትን ራሳቸውን ጠይቃቸው፣ ተማሪ ስለ ኮሌጁ ሲያወራ ምንም አይደብቅም ሃሃሃ።

ጡረተኛዋ ሲስተር፦
ልጄ እህትህን እግዜር ይባርካት። ከሁሉ በፊት ለምን ወደ ግል ቸኮላችሁ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እኮ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ በራሱ መግቢያ ፈተና ነው የሚቀበለው፣ ከፍሎ የሚማርም ይወስዳል፣ የነርሲንግና ሚድዋይፈሪ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጋር ነው ያለው፣ ከክፍል ወጥታ ዋርድ ነች። እዛ ትሞክር። ጳውሎስ ሆስፒታል ያለው ኮሌጅም አለ። ካልሆነ ወደ ግሉ።

ግል ከሆነ ደግሞ "እውቅና አለን" ሲሉህ ዝም ብለህ እንዳታምን። እውቅና የሚሰጠው በየፕሮግራሙና በየካምፓሱ ነው፣ ሌላ ቅርንጫፋቸው ለፋርማሲ የተሰጠውን ፈቃድ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነርሲንግ የሚመዘግቡ ሞልተዋል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደህ የኮሌጁን ስም፣ ካምፓሱን፣ "ነርሲንግ ዲግሪ" የሚለውን አጣራ፣ ዳግም ምዝገባውን (ኮሌጆች እንደገና የሚጣሩበትን) ማለፉንም ጠይቅ። ከ2015 ጀምሮ መውጫ ፈተና አለ፣ 50 ያላመጣ ዲግሪውን አይወስድም፣ ስለዚህ ባለፈው ዓመት ካስፈተናችሁት ስንቱ አለፈ ብለህ ጠይቃቸው፣ ያኮራቸው ከሆነ ሳትጠይቅም ይነግሩሃል። ከዛ በኋላ ነው የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘናና የሙያ ፈቃዱ።

ደግሞ ለእናትህ ኢንሱሊኑን ቦታ እየቀያየረች ትውጋ፣ ሆድ፣ ጭን፣ ክንድ። አንድ ቦታ ብቻ ሲሆን ይደነድንና መድሃኒቱ በደንብ አይሰራጭም።

ቆራጡ፦
ሁሉም ዲግሪ ዲግሪ ይላል። እኔ ሌቭል 4 ጨርሼ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አልፌ የግል ክሊኒክ ገባሁ፣ ደሞዜን እየበላሁ ዲግሪዬን በማታ ቀጠልኩ፣ ዛሬ ከማንም አላንስም። አራት አመት ሙሉ ክፍያ ከየት ይመጣል?

የማታ ተረኛ፦
@ቆራጡ አንተ ጎበዝ ነህ አልልህም እንዴ፣ ግን ይቺ ልጅ እኮ 12ኛን አልፋለች። ስንቱ የ12ኛውን ፈተና 50 አጥቶ ሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ሲንከራተት እሷ በእጇ የያዘችውን ለምን ትጥላለች? ገንዘቡ ጨርሶ ከጠፋ ያኔ የአንተ መንገድ ይታያል።

ከሜሪላንድ፦
ውጪ የመውጣት ሃሳብ ካላት ይሄን ከአሁኑ እወቁ። እዚህ አሜሪካ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ለመሆን ኤንክሌክስ የሚባለውን የፈቃድ ፈተና መፈተን ግድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ ይሰጥሽና ሲበቃው ራሱ ያቆማል፣ እሱን አጥንተሽ ታልፊዋለሽ። የሚያስለቅሰው ከሱ በፊት ያለው ወረቀት ነው። ትምህርትሽን ሲጂኤፍኤንኤስ (የውጪ ነርሶችን ማስረጃ የሚመረምር ድርጅት፣ አሁን ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል) ሲገመግም ትራንስክሪፕቱን ኮሌጁ ራሱ በቀጥታ መላክ አለበት፣ በእጅሽ የያዝሽው ኮፒ ዋጋ የለውም፣ በዛ ላይ ለአዋቂ፣ ለህፃናት፣ ለወሊድና ለሳይካትሪ ክላሱ ስንት ሰዓት፣ ዋርዱ ስንት ሰዓት ተብሎ ተለይቶ መጻፍ አለበት። የእኔ ኮሌጅ (ስሙን አልጠራም) ሬጅስትራሩ "ሰዓት የሚባል ነገር እኛ ጋ አይመዘገብም" ብሎኝ ወንድሜ አዲስ አበባ በየሳምንቱ እየተመላለሰ ነው ያስጨረሰልኝ። ሬጅስትራር ቢሮ ግቡና ውጪ ለሄደ ተመራቂ እንዲህ አይነት ወረቀት ልካችሁ ታውቃላችሁ ወይ በሉ። አይናቸው ከፈጠጠ ውጡ። ሳዑዲና ዱባይ ለምትሉም ያው ነው፣ ፕሮሜትሪክ የሚባለውን ፈተና ብታልፉ ማስረጃ አጣሪው ድርጅት ዳታፍሎው ኮሌጁን ጠይቆ ነው የሚያረጋግጠው፣ ኮሌጁ ካልመለሰ ፋይላችሁ ቁጭ ነው።

የለገሃር ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ሲስተርዬ እርሶን በተለይ፣ እናቴ ክንዷ ላይ ብቻ ነበር የምትወጋው ዛሬ ቀየሩ። ሰኞ ባለሥልጣኑ ጋ እሄዳለሁ። ረከስ ያለውን ኮሌጅ ደውዬ አታችመንት ጠየኳቸው፣ ሁለት ሆስፒታልና አንድ ጤና ጣቢያ አሉኝ፣ ያኛው ባለ ሊፍቱ "ከተመዘገባችሁ በኋላ ይነገራችኋል" አለኝ 😂 የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ፈተና ግን ምን ምን ይወጣበታል? የተፈተነ ካለ ኢንቦክስ ያድርገኝ።